ጆሮ የማያሳየው ሌንስ

የሙነወር ካሜራ ዓይኗን ያጣችው አምበር ገበያ ላይ ነው። እህል የጫነች በቅሎ ከጌታዋ እጅ አምልጣ ስትፈረጥጥ ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ጠልፋ ጣለችው። ሳጥኑ የዋንዛ እንጨት ስለሆነ ተረፈ። ሌንሱ ግን ከድንጋይ ጋር ተላትሞ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ወዲያ የተነሣ ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስል ጀመር።

ሙነወር በቅሎዋን አልረገማትም። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሳጥኑን በትከሻው አዝሎ ከደብረ ማርቆስ አምበር፣ ከአምበር ደብረ ኤልያስ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ የደከመ ሰው ለመርገምም አቅም ይቸግረዋል። አዲስ ሌንስ ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም፤ ቢገኝም የእርሱ እጅ የሚደርስበት አልነበረም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ያለውን የፎቶ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ፣ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ ተቀመጠ።

የመጣው ከደጀን ነው። የሚስቱ የሀጀራ ወንድም ሱሩር እዚያ መኪና መንገዱ ዳር ሱቅ አለው። በዚያ ሰሞን በየከተማው እየዞረ በነጭ ሸራ ላይ ፊልም የሚያሳይ አንድ መኪና አባይ በረሃ መውረጃው ላይ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የፊልም ማሳያው መሣሪያ ግን እንደ እንቁላል ተፈረካከሰና ባለቤቶቹ የማይጠገነውን ብረታ ብረት ለአካባቢው ሰው ትተው ሄዱ። ሱሩር ከስብርባሪው መካከል የውሃ ብርጭቆ የሚያህል ወፍራም የነሐስ ቱቦ አገኘ፤ በሁለቱም ጫፍ መስታወት አለው፣ አንዱም አልተጫረም። በአሮጌ ሻሽ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ሰደደለት። ሹፌሩ መልእክቱን እንደወረደ አደረሰ፦ «ላንተ ካልሆነህ ሀጀራ ነጭ ሽንኩርት ትውቀጥበት ብሎሃል።»

ሙነወር ቱቦውን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዘ። የጎረቤት ቆርቆሮ ጣራ፣ አጥሩ፣ አጥሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ ሁሉ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ። «ሀጀራ፣ ነይማ እይ» አላት። ድምፁ ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማ ነገር ነበርና ሀጀራ እጇን ሳታደርቅ መጣች።

ይህ ሌንስ የተሠራው ብርሃንን ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲተፋ ነው፤ ሙነወር ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲጠጣለት ፈለገ። አናጢ ሳጥኑን በልኩ ቀደደለት። ቱቦው እንዳይነቃነቅ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጠቀለለው። የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ስለሌለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን አለበሰው፤ ክዳኑን ሲያነሣ ብርሃን ይገባል፣ ሲመልስ ይቆማል፤ በቃ።

መጀመሪያ ያነሣው ሀጀራን ነው። ፎቶው ከማጠቢያው መድኃኒት ሲወጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ዓይኖቿ ሽፋሽፍታቸው እስኪቆጠር ድረስ ጠርተዋል፤ ከዓይኗ ወደ ኋላ ያለው ግን፣ ሻሿም ግድግዳውም በሩም፣ ወተት ውስጥ እንደገባ ሟሙቷል። «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች። «አንቺ ነሽ።» «እንግዲያው እስከ ዛሬ ዋሽተህ ነው ስታነሣኝ የኖርከው።»

ሴቶቹ ወደዱት። ወንዶቹ አኮረፉ። አንዱ ጎረምሳ ከአጎቱ የእጅ ሰዓት ተውሶ መጥቶ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተነሣ፤ ፎቶው ሲወጣ ሰዓቱ ጭቃ መስሏል። «ሰውዬ፣ ሰዓቱን የተዋስኩት ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ጮኸ። «ፊቴንማ እናቴም ታውቀዋለች!»

እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። በክረምት ለደስታው የሚነሣ ሰው የለም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ልብሱ እርጥብ፣ ሰርጉ ሩቅ ነው። በክረምት የሙነወርን ቤት የሚያኖረው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፦ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት፣ ለመሥሪያ ቤት ማኅደር። ነገር የመጣውም በዚሁ በጉርዱ በኩል ነው።

አያ ዋኘው በከተማው ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሆነው ጥቂት ዘልቀው ነበር፣ ከዚያ አባት ሞተና ትምህርቱ ቀረ። በዚያ ሐምሌ ለሠራተኛው ሁሉ አዲስ ማኅደር ይከፈታል ተባለ። ሁለት ጉርድ ፎቶ እስከ ዓርብ ያላመጣ ስሙ ወደ አዲሱ መዝገብ አይሻገርም፤ ስሙ ያልተሻገረ ደግሞ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አያ ዋኘው ሙነወር ዘንድ ተነሥተው፣ ፎቷቸውን በወረቀት ጠቅልለው፣ ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ለአቶ ሙላት ወሰዱ። ሙላት ከሌላ አገር የመጣ፣ ኮሌታው የማይጎብጥ ወጣት ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሙላት።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ፊቱማ እርስዎ ነዎት። ጆሮዎንስ ለጅብ ሰጥተው ነው የመጡት?»

አያ ዋኘው ጎንበስ ብለው አዩት። እውነት ነው፤ አፍንጫና ዓይን አለ፣ ጆሮ ባለበት ቦታ ግን ጭስ ነው። ሙላት ከበላይ የመጣውን ደብዳቤ አውጥቶ በጣቱ እያስከተለ አነበበላቸው፦ ግንባርና ሁለቱም ጆሮዎች በግልጽ የሚታዩበት።

«ለፎቶ አንሺው ይንገሩት» አለ ደብዳቤውን እያጠፈ። «እስከ ዓርብ ጆሮ ያለው ሰው ካልላከልኝ፣ ከእርሱ ቤት የወጣ አንድም ፎቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ለሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች እነግራለሁ።»

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት አያ ዋኘው ከሌሊት ጥበቃ እንደወጡ፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ ቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ።

«ሙነወር፣ ጆሮዬን መልስልኝ።»

«ምን ሆኑ አያ ዋኘው?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? እሱ ነው የጠፋው። ዘበኛ ያለ ጆሮ ምን ሊጠብቅ ነው? በዓይኔ እንዳልጠብቅ ሌሊቱ ጨለማ!»

ነገሩን ከቀልዱ ውስጥ ለቅሞ ሲረዳ ሙነወር የተቀመጠበት ጠፋው። የከተማው ሌላው ፎቶ አንሺ ለክረምት አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፤ ስለዚህ አያ ዋኘው ሌላ መድረሻ የላቸውም። የሙነወርም ቤት ጉርድ ከቀረበት በሩን ዘግቶ ከመተኛት በቀር ሌላ የለውም። ወረቀቱም ስድስት ቅጠል ብቻ ቀርቷል፤ የአባይ መንገድ በናዳ ተዘግቶ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ አልመጣም። ሁለት ጉርድ ለማውጣት፣ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁሩ ግልባጭ ሲጨመር፣ ሦስት ቅጠል ይበላል። ሦስት ጊዜ መሳሳት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም።

መፍትሔውን ያውቀዋል። ሩቅ ማየት የተቸገረ ሰው ዓይኑን አጥብቦ እንደሚያይ፣ ሌንሱም መጥበብ አለበት። አሮጌው ሌንስ የሚጠብበት ነገር ነበረው፤ ይሄኛው የለውም። ከሳልሳ ቆርቆሮ ሦስት ክብ ቆረጠ፤ አንዱን በባቄላ ልክ፣ አንዱን በሽንብራ ልክ፣ አንዱን በምስር ልክ በምስማር በሳ፤ እንዳያብለጨልጩ በኩራዝ ጥላሸት አጠቆራቸው። በባቄላው ሲያይ ጆሮ አሁንም ፈዛዛ ነው። በምስሩ ሁሉም ጥርት ይላል፣ ግን ብርሃኑ ከማነሱ የተነሣ ሰው እስኪያረጅ መቀመጥ ይኖርበታል። ሽንብራው ይሻላል። በሽንብራው ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ይጠራል፤ ዋጋው ግን በዚያ በደመና ቀን አንድ ሙሉ ፋቲሃ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ በልቡ እስኪጨርስ ድረስ ክዳኑ ክፍት መሆኑ ነው። ሙነወር ጊዜን የሚለካው በዚህ ነው፤ የሚቆጥር ሰዓት ኖሮት አያውቅም። የተቀመጠውም ሰው እንዳይናገርና እንዳይፈራ በሃይማኖቱ አንድ ነገር በልቡ እንዲል ያዘዋል።

አያ ዋኘውን ደጁ ላይ፣ ከጣራው ጠብታ ፈቀቅ አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። «አቡነ ዘበሰማያትን በሆድዎ ይድገሙ፤ እኔ ጨረስኩ እስክል አይንቀሳቀሱ» አለና ክዳኑን አነሣ። ጨርሶ ሲመልስ፣ በሳጥኑ ጎን ባለው የጨርቅ እጅጌ እጁን ከቶ ወረቀቱን ውስጥ ባለው መድኃኒት ነከረ። የወጣው ሰው ሁለት አፍንጫ አለው።

«ምን አደረጉ?»

«ምንም! እንዳልከኝ ደገምኩ።»

«ራስዎ ወርዷል።»

«የት ላይ? ይትቀደስ ስምከ ላይ ነዋ!» አሉ አያ ዋኘው ተገርመው። «እዚያ ላይማ ይወርዳል። ስሙ ሲጠራ ያላጎነበሰውን የኔታ በአለንጋ ነበር የሚያጎነብሱት። አንገቴ ከኔ ይልቅ እሳቸውን ነው የሚሰማ።»

«ለአንድ ጊዜ ብቻ ሳያጎነብሱ ቢሉት?»

«ለፎቶ ብዬ?» ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ጆሮዬ ቢቀር ይሻለኛል።»

ሙነወር አልፈረደባቸውም። እርሱም በስግደቱ መካከል ቀና በል ቢሉት የሚሰማ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ ምንም አይድገሙ። ዝም ብለው ይቀመጡ» አለ፤ ሁለተኛውንም ወረቀት አስገባ።

ፋቲሃውን ገና ሳያጋምስ ኩርፊያ ተሰማ። ሌሊቱን በዝናብ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው፤ ቁጭ ብለው ሐሳብ ሲያጡ እንቅልፍ አገኛቸው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ከመጋረጃው ጀርባ ሀጀራ አፏን ይዛ ሳቀች። ሙነወር ግን አልሳቀም። ክዳኑን በጥፊ የመታ ያህል መለሰና፣ «ኧረ ይንቁ አያ ዋኘው! ይንቁ እንጂ! ወረቀቴ እኮ ነው የሚሞተው!» ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው ደንግጠው ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ፤ ሌባ የገባ መስሏቸው ነበር። ከዚያ የት እንዳሉ ሲያውቁ አፈሩ። ሙነወርም አፈረ፤ ግን ዓርብ ነገ ነበርና ይቅርታ ለማለት ፋታ አላገኘም።

አራት ወረቀት ቀረ። ደመናውም ወረደ። ሀጀራ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ከመድኃኒቱ የወጣውን ፎቶ በውሃ የምታጥበውም የምታደርቀውም እርሷ ናት፤ ለዓመታት የሰው ፊት ከውሃ ውስጥ ሲወጣ ያየች ሴት ስለሆነች ፊት ታውቃለች።

«አያ ዋኘው፣ ከዚህ ደብረ ኤልያስ ድረስ በእግር ሄደው ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ! ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ።»

«ዓይንዎን እንኳ አይጨፍኑ። እንዲሁ ተቀምጠው ይሂዱ። ከዚህ በር ይነሡና፣ እናትዎ ቤት ሳይደርሱ አይመለሱ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «በበጋ ነው በክረምት?»

«ምን ልዩነት አለው!» አለ ሙነወር ትዕግሥቱ አልቆ። «በበጋ ይሂዱ፣ ቶሎ ይደርሳሉ።»

«አይ፣ ልዩነትማ አለው። በክረምት ትልቁ ወንዝ ይሞላል። እስኪጎድል ዳር ላይ መቆም ነው፤ አንዳንዴ ግማሽ ቀን።»

«በክረምት ይሂዱ» አለች ሀጀራ። «ወንዙ ዳር ሲደርሱ ለሙነወር ምልክት ይስጡት፤ ከዚያ ቆመው ይጠብቁ።»

ሙነወር ሚስቱን አያት። ከዚያ ወረቀቱን አስገብቶ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጠ። አያ ዋኘው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገድ ጀመሩ። መጀመሪያ ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ አለ፤ ገበያውን እያለፉ መሆን አለበት። ከዚያ እየተረጋጋ መጣ። ቁልቁለት ሳይወርዱ አልቀረም፣ ትከሻቸው ላላ አለ። በመጨረሻ ጠቋሚ ጣታቸውን አነሡ፤ ደርሰዋል።

ሙነወር ክዳኑን አነሣ።

ፋቲሃውን ያለ ችኮላ ጨረሰው። ሽማግሌው ትንፋሻቸው እንኳ አይታይም። ከፊታቸው የሞላ ወንዝ አለ፤ ማዶ ቤታቸው ነው፤ ከመጠበቅ በቀር ሌላ የሚደረግ የለም። በዕድሜያቸው ያን ያህል የለመዱት ነገር አልነበረም።

ወረቀቱ ከመድኃኒቱ ሲወጣ ሁለት ጆሮ ነበረው። የግራው ጫፍ ትንሽ ተቆርሷል፤ በቆሎ ተማሪነታቸው ለልመና ሲዞሩ ውሻ የነከሳቸው ነው። አያ ዋኘው ፎቷቸውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሰውዬው ደክሞታል» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገሩ። «ግን ይሻገራል።»

ዓርብ ጠዋት ሙላት ፎቶውን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ግራ ቀኝ መረመረ። አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጆሮ፣ ግንባር። የሚያነሣው ሰበብ አጣ። «ምን እያሰቡ ነው እዚህ?» አለ።

«ወንዝ እስኪጎድል እየጠበቅሁ ነው፣ ጌታዬ።»

ሙላት አልገባውም፤ ማኅተሙን ግን አሳረፈ። ከዚያ፣ ሳያስበው ይሁን አስቦ አይታወቅም፣ «የቀሩት ዘበኞችና የጽዳት ሠራተኞቹም እዚያው ሄደው ይነሡ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ቀኑን አራዝሜያለሁ» አለ።

ወሬውን ይዘው የመጡት ራሳቸው አያ ዋኘው ናቸው። አሥራ አንድ ሰው ሰኞ ይመጣል። ሙነወር ሰምቶ ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ደስ አላለህም?» አለች ሀጀራ።

«ደስ ብሎኛል። ጉልበቴ ነው ገና ያልሰማው።»

ቅዳሜ መንገዱ ተከፍቶ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰኞ ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በደጁ ተደረደሩ። ሙነወር ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቀምጥ፣ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ፣ እያንዳንዱን «አገርዎ የት ነው?» እያለ ሲጠይቅ ዋለ። አንዱ በሐሳቡ አማኑኤል ሄደ፣ አንዱ ደጀን ገደል አፋፍ ላይ አውቶቡስ ጠበቀ። አንድ ዘበኛ መንገዱን ጨርሶ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን አገኘና ፈገግ በማለቱ እንደገና ተነሣ። ሀጀራ ውሃ ስትቀይር፣ ወረቀት ስትሰቅል ወገቧን እየያዘች ነበር። ሙነወር ከሰዓት በኋላ ፋቲሃውን የት እንዳደረሰው እየጠፋው እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ጀመረ፤ አላህ ይቅር እንዲለው በዚያው እየለመነ።

የመጨረሻዋ ወለተ ኢየሱስ የምትባል፣ ክፍሎቹን የምትጠርግ ሴት ናት። አርባ ዓመት ይሆናታል። ከሁሉም በኋላ የመጣችው ሥራዋን ጨርሳ ነው፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ያ ግን በጉርድ አይታይም።

«አገርሽ የት ነው እህቴ?»

«እዚህ።»

«እዚህ የት?»

በአገጯ አመለከተችው። ከገበያው ጀርባ፣ ሦስት ደጅ አለፍ ብሎ። «እዚያ ተወለድኩ፣ እዚያ ወለድኩ፣ እዚያው አለሁ።»

ሙነወር ሦስቱን ደጅ አየ። የሽንብራው ቀዳዳ የሚፈልገውን ያህል ጊዜ አይሞላም። «እንግዲያው ውሃ ልትቀጂ ወንዝ ወርደሽ ተመለሽ።»

«ውይ ወንድሜ!» አለች ወለተ ኢየሱስ። «እሱንማ ዛሬ ሁለቴ ወርጃለሁ። አሁን ደግሞ ላንተ ፎቶ ብዬ ሦስተኛ እንስራ ልሸከም?»

ወረፋውን ጨርሰው የቆሙት ሳቁ፤ ሙነወርም ሳቀ፣ ከብዙ ቀን በኋላ። «ተይው እሺ። ምንም አታስቢ። እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ በይ ብቻ።»

ተቀመጠች። እጇን እቅፏ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ምን እንደሆነ ሙነወርም በደንብ አላወቀም። አላንቀላፋችም፣ ዓይኗ ክፍት ነው። የትም አልሄደችም። ከማለዳ ጀምሮ ማንም ቁጭ በይ ያላላት ሴት፣ ቁጭ በይ ተባለችና ተቀመጠች፤ እዚያችው ላይ፣ እንዳለች፣ ሳትነቃነቅ። ከአሥራ አንዱ ሰው እንደርሷ የረጋ አልነበረም።

ሙነወር ፋቲሃውን ጨረሰና ክዳኑን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሌንሱ ላይ መለሰው። ፎቶው አልቋል። ሀጀራ ከመጋረጃው ብቅ ብላ «ጨረስክ?» ልትለው ስትል በእጁ ዝም አሰኛት። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ፣ ገና እያነሣ ያለ መስሎ፣ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆመ። ለወለተ ኢየሱስ ጨረስኩ አላላትም።